ከኋላ ቤት እስከ ፊት ቤት ሃያ አንድ ሜትር

ጥቅምት 4

በጉልበቴ ላይ ላደግኸው ለእህቴ ልጅ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራህስ? መሰላል ላይ ስትወጣ የሚደግፍህ ፈጣሪ ነውና ሲያወርድህም አይርሳህ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም የዩኒፎርም ስፌት ጋብ ሲል ይሻለዋል።

ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። የማታ ትምህርት ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እናትህ "ካረጁ አይባጁ" ብላ ስትስቅብኝ ነበር። አሁን የመድኃኒቷን ወረቀት የማነብላት እኔ ነኝ፤ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ጽሑፍ አይታያትም። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅ። ልብስ ቢሆን ኖሮ ቀጥ አደርገው ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለእናትህ የላክኸው የኢንተርኔት ሳጥን፣ ራውተር የምትሉት፣ ፊት ቤት ቁምሳጥኑ አናት ላይ ተቀምጦ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ኋላ ቤት እኔ ጋ ግን አይደርስም። በመሃል ዕቃ ቤቱ አለ፤ የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ደግሞ ድንጋይ ነው። ስልኬን ይዤ ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ ግቢው መሃል ልብስ ማስጫው ጋ ስቆም አንዲት ጭረት ትመጣለች። ወደ በሬ ስመለስ ትጠፋለች። ለወሬ ብዬ ፀሐይ ላይ አልቆም።

እሁድ ስትደውል ሳቅህን ከዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ። ትንሽ ቆይታ እናትህ "ነፋስ ገባ" ብላ መስኮቱን ትዘጋዋለች። ነፋስ በሌለበት ቀን ጭምር። ሥራዬን ጥዬ ስመጣ ስልኩን ወደኔ ታዞረዋለች። "ደህና ነዎት እትዬ?" ትለኛለህ። "ደህና ነኝ" ብዬ ሳልጨርስ ፊትህ ወደሷ ዞሯል።

በደብዳቤ ዘመን እንዲህ አልነበርክም። እናትህ እያነበበችልኝ እሰማ ነበር፤ አንድም ቀን እኔን ሳታነሳ አልዘጋህም። "ሱሪዬን ሰፍታ ለሸኘችኝ ለእትዬ በእጥፍ ሰላም በይልኝ" ትል ነበር። የረሳኸኝ ይህ ሳጥን ከመጣ ወዲህ ነው። ስለዚህ ለኔም የራሴን ላክልኝ። የራሴ ስም የወጣበት፣ የራሴ የይለፍ ቃል ያለው። ለእናትህ አትንገራት። ቅናት ነው ካልከኝም ቅናት ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ስሙን አልቀይርለትም።

አክስትህ


ኅዳር 20

ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስልኝ፤ ወገብዎን ፈጣሪ ያበርታልዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የማን ጽሕፈት እንደሆነ ማወቅ ተስኖኝ ፖስታውን ገልብጬ ነው ያየሁት። በራስዎ እጅ መሆኑን ሳውቅ ለሥራ ጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። አዲስ በሚከፈት ሆስፒታል ጣሪያ ውስጥ በደረቴ እየተሳብኩ ገመድ ስዘረጋ ከረምኩ። ሌላ ሰበብ የለኝም።

ስለ ሳጥኑ፦ ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ማስገባት አያስፈልግዎትም። ሁለተኛ ራውተር ከእናቴ ራውተር ጋር በገመድ ይያያዛል። ገመዱ የዕቃ ቤቱን ግድግዳ ያልፋል፤ የእርስዎ ሳጥን ደግሞ ከዚያ ወዲያ ክፍልዎ ውስጥ ያሰራጫል። ለእኛ የዘወትር ሥራችን ነው። ግን ለእናቴ መንገር ግድ ነው፤ ገመዱ የሚነሳው ከእሷ ሳጥን ነው።

እባክዎ ከቁምሳጥኑ እስከ ክፍልዎ ስንት ሜትር እንደሆነ ለክተው ይላኩልኝ። በእናቴ ሳጥን ጀርባ ስንት ቀዳዳ እንዳለና ቀለማቸውንም ይጻፉልኝ።

ስለ ድሮ ደብዳቤዎቼ ያነሱትንም አንብቤዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 2

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ጣሪያው ውስጥ የምትተነፍሰውን አቧራ ፈጣሪ ከሳንባህ ያራግፍልህ።

"ለተከበሩ" የምትለኝ መሥሪያ ቤት ነኝ? እናትህን "አንቺ"፣ እኔን "እርስዎ"። አፍንጫህን የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ አፍንጫ የጠረገ ሰው አይከበርም። አንቺ በለኝ።

ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ከፊት ቤት መለካት ስጀምር እናትህ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ምን እየለካሽ ነው እትዬ? ከፈኔን ነው?"

"ላንቺ ከፈን ይህ ሁሉ አይፈጅም" አልኳት።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ልጅሽ ኢንተርኔት ሊያስገባልኝ ነው።"

ዓይኗ ባይለየኝም ፊቷን ወደኔ አቀናች።

"ከኔ ሳጥን?"

"ካንቺ ሳጥን።"

"እኔ ጋ መጥተሽ ብታዪው ምን ነበረበት? ወንበር አጣሽ?"

"ወንበር አላጣሁም፤ ተራ ነው ያጣሁት።"

እሷም ሳቀች፤ እንደ ነገሩ። በመጨረሻ "መጋረጃዬን እንዳይነካ" ብላ ፈቀደች። የመጋረጃዋ ነገር! የሰፋሁላት እኔ ነኝ።

ሜትሬ መቶ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ አሥራ አራት ጊዜ ዘረጋሁት። ሃያ አንድ ሜትር ማለት ነው። ለጥምዝምዙ ጨምርበት፤ ስፌት ሁልጊዜ ትርፍ ይፈልጋል። ቀዳዳው አምስት ነው፦ አራቱ ቢጫ፣ አንዱ ለብቻው ሰማያዊ። ሰማያዊው ላይ ከመንገድ የሚመጣው መስመር ተሰክቶበታል።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ከእሷ ሳጥን ጀርባ መንጠልጠሌ ነው? የሷ ቢጠፋ የኔም ሊጠፋ? እንዲያ ከሆነ የኔን ከፊት አድርገውና የሷን ከኋላ አስከትለው። ታላቅ እኔ ነኝ።

አክስትህ


ጥር 15

ለእትዬ፤

እንደምን ከረምሽ? "አንቺ" ለማለት ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት፤ እጄ እስኪለምድ ታገሺኝ። ሳጥኑንና ሃያ አምስት ሜትር ገመድ ወደ እናንተ በምትመጣ ነርስ እጅ ልኬልሻለሁ። ደግ ሰው ናት፤ ፈጣሪ መንገዷን ያቅናላት።

የእናቴ ሳጥን ከፊት መሆኑ የማይቀር ነው፤ መስመሩ ከመንገድ የሚገባው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው እንጂ የክብር ጉዳይ አይደለም።

እንዲህ አድርጊ። በመጀመሪያ ያንቺን ሳጥን ከእናቴ ጋር ሳታገናኚ ብቻውን መብራት ላይ ሰኪው። ስልክሽን ከእሱ ጋር አገናኚ፤ የይለፍ ቃሉ ሆዱ ላይ ተለጥፏል። ከዚያ የስልክሽን ኢንተርኔት መክፈቻ ከፍተሽ አናቱ ላይ 192.168.1.1 ብለሽ ጻፊ። የሚከፈተው ገጽ በእንግሊዝኛ ነው። የምትፈልጊያቸውን ቃላት በሌላ ወረቀት ላይ በትልቁ ስዬልሻለሁ፤ ትርጉማቸው አያስጨንቅሽ፣ ቅድ እንደምታመሳስዪ መልካቸውን ብቻ አመሳስዪ። ያ ቁጥር የእናቴም ሳጥን ቁጥር ስለሆነ ያንቺን የመጨረሻዋን አንድ ወደ ሁለት ቀይሪ። ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ከለጠፈ ፖስታ አይደርስም። ስሙንና የይለፍ ቃሉን እንደወደድሽ አድርጊው፤ እዚያ ላይ ንግሥት ነሽ።

ከዚያ ዲኤችሲፒ የሚባለውን አጥፊ። እሱ አድራሻ አዳይ ነው። ወደ ቤቱ ለሚገባ ስልክ ሁሉ "ያንተ ቁጥር ይህ ነው፣ መውጫህም በዚህ ነው" ብሎ ይሰጣል። በአንድ ግቢ ውስጥ የሚያድለው አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ እሱም የእናቴ ነው። ይህን ካጠፋሽ በኋላ ገመዱን ከእናቴ ቢጫ ቀዳዳ አንስተሽ ያንቺ ቢጫ ቀዳዳ ውስጥ ሰኪ። ሰማያዊውን አትንኪ።

ሌላውን ሁሉ ብትሳሳቺ ይስተካከላል። አዳዩን ማጥፋት ግን አትርሺ፤ አደራ።

የእህትሽ ልጅ


መጋቢት 28

ለእህቴ ልጅ፤

ጤናህን አልጠይቅህም፤ በተራው ስልክ ስትደውል ድምፅህ ደህና ነበር። ፈጣሪ እንደዚያው ያቆይህ። የምጽፍልህ የሚያሳፍር ስለሆነ ቶሎ ልጀምረው።

ገመዱን የዘረጋነው እኔና እናትህ ነን። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ስቸነክር እሷ የወንበሩን እግር ይዛለች።

"ጸንተሽ ቁሚ እትዬ፤ ብትወድቂ ገፈተረቻት ይሉኛል።"

"አይሉሽም። ሰው ሁሉ ያንቺ ወዳጅ ነው።"

ከዚያ ለብቻዬ ወረቀትህን ስፌት መኪናዬ ላይ ዘርግቼ ተከተልኩ። ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ገጹ ተከፈተ፣ አንዱን ወደ ሁለት ቀየርኩ። ስሙን "ታላቋ" አልኩት። ከስሙ በታች አዳዩን አገኘሁት፤ የሳልክልኝን ቃል በፊደሉ ለየሁት። አላጠፋሁትም። ረስቼ አይደለም። እጄ እምቢ አለኝ። የሷ ሲያድል የኔ ዝም ብሎ ሊቀመጥ? ሁለቱም ቢያድሉ ምን ይጎድላል ብዬ ገመዱን ሰካሁት።

ሁለት ቀን ደህና ነበር። በሦስተኛው ቀን እናትህ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ስልኳ "ተገናኝቷል" ይላል እንጂ ምንም አይከፍትም። የኔም እንደዚያው። አንዳንዴ ይነቃል፣ መልሶ ይሞታል። እሁድ ሻሿን አስተካክላ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችህ። አልመጣህም። ጠጋኝ ጠራች። ሳጥኗን አጠፋ፣ አበራ፣ እፍ አለበት፣ "መስመሩ ነው" ብሎ ሄደ። እኔ ጋ አልመጣም፤ እኔም ና አላልኩትም። ለኔ ካልሆነ ለሷም አይሁን አልኩ። ውሸት አልጽፍልህም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አምስት እሁድ እንዲህ አለፈ።

በአምስተኛው እሁድ በሬ ተንኳኳ። እናትህ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ቆማለች። የኔን ደጃፍ ከረገጠች ዓመት አልፏት ነበር።

"ደብዳቤዎቹ ናቸው" አለች። "ፊቱን ካጣሁ ቃሉን ልስማ። እኔ እንደሆንኩ አይታየኝም። አንብቢልኝ።"

"የኔ ንባብ የሕፃን ነው።"

"ቀስ በይ። እኔ የትም አልሄድ።"

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ፈታሁት። ስለ ብርዱ፣ ስለ ጫማህ መጥበብ፣ ስለ ነጭናጫው አለቃህ እያነበብኩ ወረድኩ። ልቤ ወደታች ይቸኩላል፤ የኔ ቦታ እዚያ ነዋ። ከመጨረሻው መስመር ደረስኩ። "ቤተሰቡን ሰላም በይልኝ" ይላል። ከዚያ ፊርማህ ነው። ሱሪ የሚል የለም። እትዬ የሚል የለም። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ባዶ ነው።

"ምነው ቆምሽ?" አለች።

"ፊደሉ ደቀቀብኝ።"

"እዚያ ጋማ ስላንቺ ነው የሚለው።" ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳለች። "ሱሪዬን ሰፍታ ለሸኘችኝ ለእትዬ በእጥፍ ሰላም በይልኝ ነው የሚለው። ዘነጋሽው እንዴ?"

"አዎ" አልኩ። "አገኘሁት። እንደዚያ ይላል።"

አሥራ አራቱንም አነበብኩላት። በአሥራ አራቱም የለሁም። የጎረቤቱን ውሻ እንኳ ስሙን ጠርተህ ጠይቀሃል። እኔን ግን የለም። በእያንዳንዱ ማብቂያ ላይ እሷ ቀድማ የራሷን ትላለች፣ እኔም "አዎ" እላለሁ። ከራሷ ነው ስታወጣው የኖረችው። ወረቀቱን እያየች፣ ሳትደናቀፍ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየለወጠች። አንዴ "ከሷ እጅ ሌላ ስፌት አይመቸኝም" ብለሃል ብላኝ ሳምንቱን ሙሉ በደስታ ስሰፋ እንደሰነበትኩ ትዝ ይለኛል። እሱም የሷ ነው።

ሳጥኑ ሲመጣ ፊትህ ራሱ ይናገር ጀመር። ከዚያ ወዲያ እሷ ምን ታድርግ? መስኮቱን መዝጋት ብቻ ቀራት፤ አንተ እኔን ሳትጠይቅ ስትቀር እንዳልሰማ። እንደዚያ ይመስለኛል። አልጠየቅኋትም፤ አልጠይቃትምም። ከሄድክ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት በሙሉ "አንተ አለህልኝ" እያልኩ የምቀናው በሷ ላይ ነበር። ይህን ለማን እንደማወራው ስላጣሁ ላንተው ጻፍኩት።

በማግስቱ ገመዱን ነቀልኩት። የሷ ነቃ። "ራሱ ታሞ ራሱ ዳነ" አለች። "ራሱ ነው" አልኩ። የኔ ግን አሁንም አይሠራም። ምን እንደማደርግ ጻፍልኝ። የቀረውን ብትመልስም ባትመልስም ያንተ ነገር ነው።

አክስትህ


ሰኔ 10

እትዬ፤

እንደምን አለሽልኝ ለማለት እንኳ አፈርኩ። የሳጥኑን መልስ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ጽፌው ነበር። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ያከረመው ሌላው ነው።

የሳጥኑ እንዲህ ነው። ያንቺ ሳጥን ሲያድል "መውጫው በኔ በኩል ነው" እያለ ነው። በእሱ በኩል ግን መውጫ የለም፤ መውጫው በእናቴ ሳጥን ነው። ከእሷ አድራሻ የወሰደ ስልክ ይወጣል፣ ካንቺ የወሰደ ግድግዳ ይጋጫል። አዳዩን ብቻ አጥፊ። ከዚያ ገመዱን መልሰሽ ሰኪና ስልኮቻችሁን አጥፍታችሁ አብሩ። ስሙ "ታላቋ" እንደሆነ ይቀጥላል፤ ስሙን የሚነካው የለም።

ደብዳቤዎቹን በተመለከተ፣ ልክ ነሽ። አልጻፍኩም። ሱሪውን የሰፋሽልኝ አንቺ መሆንሽን ያስታወሰኝ ያንቺ ደብዳቤ ነው። ለእናቴ ያልኩት ላንቺም የሚደርስ ይመስለኝ ነበር ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ እሱም ውሸት ነው። አላሰብኩም ነበር። እናቴ ይህን ማድረጓንም አላውቅም ነበር፤ ካልፈቀድሽልኝ አላነሳባትም።

ከእንግዲህ ረቡዕ ከሰዓት ላንቺ ብቻ እደውላለሁ። ለእናቴም እንደ ድሮው በወረቀት እጽፋለሁ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንቺን አነሳለሁ። የቀረብሽን ሁሉ እተካለሁ። ይቅር በይኝ።

የእህትሽ ልጅ


ሐምሌ 21

ለእህቴ ልጅ፤

እውነቱን የጻፈ እጅህ አይዛል። ሌላ የሚመረቅ ነገር ደብዳቤህ ላይ አላገኘሁም፤ ይህ ግን ትንሽ አይደለም።

አዳዩን አጠፋሁት። አንዲት ምልክት መንካት ነበር። ገመዱን ሰካሁ፣ ስልኬን አጥፍቼ አበራሁ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ አራቱም ጭረት ሞላ። የእናትህም አልታመመም። "ያንቺዋ ምቀኛ ሳጥን ገራች?" አለችኝ። ምን እንዳደረግሁ ማወቋ ይሆን? ከሆነም ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እኔም ስለ ደብዳቤዎቹ በሷ ፊት አፌን አልከፈትኩም። በዚህ እንኳ አልበልጣትም።

ሁለት ረቡዕ ደወልክ። ፊትህ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጢም አብቅለሃል፣ አያምርብህም። ወገቤን ጠየቅኸኝ፣ ስፌቱን ጠየቅኸኝ፣ እንቅልፌን ጠየቅኸኝ። በሰዓቱ እንደመጣ ሐኪም ነበርክ። የለመንኩትን ሰጠኸኝ፤ ተራ አገኘሁ፣ ያውም ሙሉ ግማሽ ሰዓት። ደውል፤ አልከለክልህም። እየቆየህ ከልብህ ትለምደው ይሆናል። እኔም ፊደል የቆጠርኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው።

ስለ ደብዳቤው ግን ልለምንህ። ለእናትህ ጻፍ። በወረቀት ጻፍላት፤ ይገባታል። እኔን ግን አታንሳኝ። ሱሪ አትበል፣ በእጥፍ ሰላም አትበል፣ ስሜንም አትጥራ። ስለ ብርዱና ስለ አለቃህ ጽፈህ ፈርምና ዝጋው።

አንባቢዋ እኔ ነኝ። ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ፤ ፊርማህ ጋ ስደርስ ፊደሉ ደቀቀብኝ ብዬ ዝም እላለሁ። ያን ጊዜ እህቴ ምን እንደምትለኝ መስማት እፈልጋለሁ። ያ የኔ ነው፤ አንተም እንኳ እንዳትገባበት።

አክስትህ